ስለት፣ አፎሻ፣ አረቦን

ሚኤሶ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ጉልበቴ ላይ የያዝኩት ቡናማ ፖስታ ጠርዙ በላቤ ርሶ ነበር። ውስጡ ከሁለት የመድን ኩባንያዎች ያመጣኋቸው የዋጋ ማቅረቢያዎች አሉ። የአንዱ ዋጋ የሌላው ግማሽ ነው። ከላይ ግን ሁለቱም ላይ በደማቁ የታተመው ቁጥር ያው ነው፦ 30,000 ዩሮ።

ተጓዧ እናቴ ናት። ጀርመን ያለችው እኅቴ ልትወልድ ስለሆነ አራስ ልትጠይቅ በ72 ዓመቷ ፓስፖርት አወጣች። እስከ ዛሬ ከአሰበ ተፈሪ ወጥታ ያየችው ሩቅ አገር አዲስ አበባ ነው። ለቪዛ ከሚጠየቀው የወረቀት ክምር ውስጥ የጉዞ መድኑ የእኔ ድርሻ ሆነና «ጥሩውን በደህና ዋጋ ፈልግ» ተባልኩ። አዲስ አበባ ተቀምጬ በስልክ ልጨርሰው አስቤ ነበር። ቅጹ ላይ ግን በስልክ የማይመለስ ጥያቄ አለ፤ «ከዚህ ቀደም የነበረ ሕመም ካለ ይጥቀሱ» ይላል። እናቴ ደግሞ ስለ ሕመሟ በስልክ አውርታ አታውቅም። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትልና እዚያ ዘንቦ እንደሆነ ትጠይቀኛለች።

ከአዲስ አበባ አሰበ ተፈሪ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገዱን ተጠግቶታል፤ ከወዲያ የፈንታሌ ተራራ ጥቁር አለቱን ዘርግቶ ተቀምጧል። በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. እዚህ አካባቢ ምድር ደጋግማ ተንቀጥቅጣ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። እዚያ ስንደርስ መኪናው ውስጥ ወሬው ሁሉ ጸጥ አለ። አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ግራው ወደ ሚሌና ጅቡቲ፣ ቀኙ ወደ ሐረርጌ። ከሚኤሶ በኋላ ሽቅቡ ይጀምራል። ሙቀቱ ከኋላ ይቀርና የጨርጨር ተራሮች ጫትና ማሽላ ለብሰው ብቅ ይላሉ።

አቀበቱ ላይ ጫት የጫነ አይሱዙ ጡሩንባውን እየነፋ ቁልቁል መጣብን። ሾፌራችን ዳር ይዞ አሳለፈውና «ጫት ከረፈደ ሳር ነው፣ ምን ያድርግ?» አለ። የእኛው መኪና የፊት መስታወት ጥግ ላይ የሦስተኛ ወገን መድን ስቲከር ተለጥፏል። ለአብዛኞቻችን ኢንሹራንስ ማለት ይህች ወረቀት ናት፤ ትራፊክ እንዳይቀጣን የምትለጠፍ። የጉዞ መድንንም የምንገዛው በዚሁ ልብ ነው፤ ኤምባሲው ወረቀት ጎደለ ብሎ እንዳይመልሰን።

እኔም እንዲሁ ገዝቼ አውቃለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ለሥራ ስወጣ፣ በረራዬ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሁሉ ርካሹን ቆርጬ ፖስታዬ ውስጥ ከተትኩ። ስመለስ ኢስታንቡል ላይ ሌሊት የኩላሊት ጠጠር ያዘኝ። ወረቀቱን አውጥቼ የአደጋ ጊዜ ስልኩን ደወልኩ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። አሁንም ጠራና ተቋረጠ። በመጨረሻ ታክሲ ይዤ ሆስፒታል ገባሁና ከኪሴ ከፈልኩ። አገሬ ተመልሼ ደረሰኙን ሳቀርብ «ሕክምና ከመጀመርዎ በፊት አላሳወቁም» ተባልኩ። እውነት ነው፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ በደቃቁ ተጽፎ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለካ ለእኔ ነው። ድርጅቱን ብዙ ረገምኩ። ከዚያ ወዲህ ግን የመድን ወረቀት ማንበብ የምጀምረው ከመጨረሻው ገጽ ነው።

*

አሰበ ተፈሪ የቀድሞ ስሟ ነው፤ ዛሬ ጭሮ ናት። አፋችን ግን ሁለቱንም ይጠራል። ልጅ ሳለሁ ስሟ ያልጨረሱት ዓረፍተ ነገር ይመስለኝ ነበር፦ ተፈሪ አሰበ። ምን አሰበ? ከተማዋን ያደራጇት የጨርጨር ገዥ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት። ገና ልጅ ሳሉ ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ከሩሲያውያን ጋር ባሕር ተሻግረው በዚያው ተምረው አድገዋል። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲወረን ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ስለ ኢትዮጵያ የተሟገቱም እሳቸው ናቸው። ከረጅም ስደት ሲመለሱ ከዚህ ወደ ምሥራቅ፣ ሂርና ላይ፣ እርሻ ይዘው ተቀመጡ። በዘመናቸው እንደ እሳቸው የተጓዘ ጥቂት ነው፤ ሲሄዱም ዋስትናቸው አብረዋቸው የሄዱት ሰዎች ነበሩ። የእናቴ ጉዞ ስድስት ሳምንት ነው፤ የሚታሰበው ግን ብዙ ነው።

ጀርመንን ጨምሮ ወደ ሸንገን አገሮች ለአጭር ጊዜ የሚሄድ ሰው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድን እንዲይዝ ሕጋቸው ያዛል። መድኑ በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራና የቆይታውን ቀናት በሙሉ የሚሸፍን መሆን አለበት። ድንገተኛ ሕክምናን፣ የሆስፒታል ወጪን፣ ታማሚን ወደ አገሩ መመለስን፣ ሞት ቢመጣም አስከሬን መላክን ያካትታል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ደንቡን አጥብቋል፤ ባለ ብዙ መግቢያው ቪዛ ቀረ፣ የ15 ቀኑ መልስ መጠበቂያም 45 ቀን ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በውጭ ገንዘብ የሚተመን መድን በብር ሲመነዘር ምን እንደሚሆን ፖስታዬ ውስጥ አለ። ርካሽ ፍለጋ የምንሯሯጠው ያለ ነገር አይደለም።

*

ቤት ስደርስ ቡናው ተቆልቷል። ጎረቤታችን ሐጂ ደጃፉ ላይ ዱላቸውን ደግፈው ተቀምጠዋል፤ እኔ እመጣለሁ ሲባል ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ሰላምታው አልቆ ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ ፖስታውን ፈታሁ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

«መድን ነው፣ እማዬ። እዚያ ሄደሽ ቢያምሽ የሚከፍልልሽ።»

ከተቀመጠችበት ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያዋን ይዛለች። «መድንማ አለኝ! በየዓመቱ አይደል እንዴ የምከፍለው?»

ልስቅ አልቻልኩም፤ አነጋገሯ ውስጥ ኩራት አለ። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዱ እዚሁ ጎረቤት፣ ምሥራቅ ሐረርጌ ደደር ነበር። ዛሬ የሐረርጌ ገበሬ መድን ምን እንደሆነ ከብዙ የአዲስ አበባ ሰው በላይ ያውቃል፤ በደህናው ቀን ከፍሎ በክፉው ቀን ይታከማል። የእናቴ መታወቂያ ግን ድንበር አይሻገርም። ይህን ስነግራት መታወቂያውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ አስቀመጠችው።

ቅጹን ማንበብ ቀጠልኩ። «አረቦን» የምትለው ቃል ላይ ስደርስ ሐጂ ቀና አሉ።

«ምን አልክ?»

«አረቦን። ለመድኑ በቅድሚያ የሚከፈለው ገንዘብ ነው።»

«እሱማ የዐረብ ቃል ነው፤ ዐርቡን። ቀብድ ማለት ነው። ጫት ስገዛ እርሻው ላይ ሳለ የምሰጠው።» ጥቂት አሰቡና «ቀብድ ግን ከዋጋው ይታሰባል። ይኼ ደህና ገብተው ቢወጡ ይመለሳል?» አሉ።

«አይመለስም፣ ሐጂ።»

«እንግዲያ ቀብዱን በልቶ ጫቱን ሳያስረክብ የሚቀር ገዝተሃል ማለት ነው።»

እናቴ ሳቀች። ሐጂ ግን የቀለዱ አልመሰሉም። እሳቸው የሚያውቁት ሌላ ነው፤ አፎሻ። ሌላው አገር እድር የሚለውን ሐረርጌ አፎሻ ይለዋል። ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ሰርግ ሲደርስ ያግዛል፣ የታመመ ይጠይቃል። ገንዘቡ ከመሃላቸው አይወጣም፤ ዛሬ ያዋጣሁት ነገ ለጎረቤቴ ይሆናል። ከወለድ ነፃ የሆነው ተካፉል የሚባል መድን በአገራችንም መጀመሩን ነገርኳቸው፤ የአባላት መዋጮ መረዳጃ ሆኖ የሚቀመጥበት ነው። «እሱስ አፎሻ ነው፣ ኮት አልብሰውት» አሉ። ቀጥለው ያነሱት ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም፦

«አፎሻ ሌሊት ብትጣራ ይወጣል። ይኼ የወረቀቱ ሰውዬ ይወጣል?»

*

ወደ ሕመም ጥያቄው ስንመለስ እናቴ ፊቷን አዞረች። «ጤነኛ ነኝ በል።»

«ደም ብዛትሽስ?»

«መድኃኒቴን እውጣለሁ፤ ምን ሆንኩ? አንተ ልጅ፣ በሽታን በወረቀት ጽፎ መላክ ሟርት ነው።»

ሟርት አለመሆኑን ለማስረዳት አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀብኝ። መድን ሰጪና መድን ገቢ ውል የሚገቡት በመተማመን ነው። ከ1952ቱ የንግድ ሕግ ጀምሮ መድን የሚገባ ሰው የሚያውቀውን እውነት እንዲናገር ይገደዳል፤ የደበቀ ሰው ውሉን ራሱ ያፈርሰዋል። ደም ብዛቷን ሳትጽፍ ብትሄድና እዚያ ራሷን ብትስት፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃት የምትውጠውን መድኃኒት ነው። መልሷ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ መዝገቡ ለመድን ድርጅቱ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ 30,000 ዩሮው የወረቀት ጌጥ ነው። በመጨረሻ የመድኃኒቱን ፓኮ ከፍራሿ ሥር አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው። ስሙን ፊደል በፊደል ገለበጥኩ።

ሁለቱን ማቅረቢያዎች ጎን ለጎን ዘርግቼ ከኋላ ወደ ፊት ያነበብኩት የዚያን ሌሊት ነው። የርካሹ ሦስተኛ ገጽ ላይ፣ ደቃቅ ጽሕፈት ከታች፣ «ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ የሚከፈለው ጣሪያ በግማሽ ይቀንሳል» የሚል አለ። በደማቁ የታተመው 30,000 የእናቴ አልነበረም። የእሷ 15,000 ነው፤ በዚያ ቪዛ ሊሰጣትም አይችልም። ከዚያ ሌላ ሕክምና ባገኘች ቁጥር የመጀመሪያውን ድርሻ ከኪሷ ትከፍላለች፤ የመድን ሰዎች ኤክሰስ የሚሉት ነው። ነባር ሕመም ደግሞ በምንም መልኩ አይሸፈንም። ውድ ያልኩት ነባር ሕመም ድንገት ሲነሣ በተወሰነ ገንዘብ ያሳክማል፣ ዕድሜዋንም ሙሉ በሙሉ ተቀብሏል። ዋጋውን ያናሩት የሻንጣ መጥፋት፣ የበረራ መዘግየትና የጉዞ መሰረዝ ናቸው። ሻንጣን በተመለከተ አየር መንገዱ ራሱ ተጠያቂ ነው፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሞንትሪያል ስምምነት እስከ ተወሰነ ጣሪያ ያስከፍለዋል። የእናቴ ሻንጣ ውስጥ ያለው ሽሮ፣ በርበሬና የገለምሶ ቡና ነው። ቢጠፋ ታዝናለች፤ ኢንሹራንስ ግን አይክሰውም።

ጠዋት ውዱን ወዳቀረበው ድርጅት ደወልኩ። «የሻንጣውንና የበረራውን አውጥታችሁ የሕክምናውን ብቻ ስጡኝ። ቪዛ ቢከለከል ገንዘቡ ይመለሳል? ቪዛው ዘግይቶ ቢመጣ ቀኑ ይገፋል?» የሁለቱንም መልስ በጽሑፍ ላኩልኝ። አዲሱ ዋጋ በሁለቱ መካከል ገባ።

*

እናቴ ወንድሟን ሳትሰናበት አገር አትለቅም፤ ስለዚህ በማግስቱ ሂርና ወረድን። መንገዱ በአርበረከቴ በኩል ከተራራ ተራራ ይታጠፋል። እርከኑ ላይ ጫቱ በረድፍ ቆሟል፣ ከመሃሉ ቡና፣ ከዳሩ ማሽላ። በደቡብ በኩል ወደ በዴሳና ገለምሶ የሚሄደው መንገድ ሐረር ቡና እየተባለ ዓለም የሚጠጣው ቡና ከሚለቀምባቸው ቀዬዎች አንዱን ያቋርጣል። ሂርና ቁጭ ብለን፣ አጎቴ መርቆን፣ እናቴ አልቅሳ፣ ወደ ማታ ተመለስን።

በመመለሻው ከፊታችን አንዲት ልጃገረድና አባቷ ተቀመጡ። እሷ ጭኗ ላይ ግልጽ ፌስታል ይዛለች፤ ፓስፖርት፣ ፎቶግራፍ፣ የሕክምና ምርመራ ወረቀት። ሳዑዲ ለቤት ሥራ ልትሄድ ነው። አባትየው እጄ ላይ ያለውን ወረቀት ሲያይ ቆይቶ «ይኼ ኢንሹራንስ ነው?» አለኝ። ነው አልኩት።

«እኛንም ለኢንሹራንስ ክፈሉ ብለውናል። ደላላው ነው። በግ ሸጫለሁ።»

«ኦቦ፣ ይኼን እሷ አትከፍልም» አልኩት። አዋጅ ቁጥር 923/2008 የውጭ አገር ሥራ ሥምሪትን ሲደነግግ ወጪውን ለሁለት ከፍሎታል። የቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የመድኑም ክፍያ የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትችለው የፓስፖርቷን፣ የጤና ምርመራዋንና የመሳሰለውን ነው። አባትየው ልጁን አየ፣ ልጅቷ መስኮቱን አየች። «በጉማ ሄደ» አለ። ከወረደ በኋላ እናቴ ብዙ ዝም አለችና «እሷም የሰው አገር ነው የምትሄደው። ማን አለላት?» አለችኝ። እኔ ስንት ቀን ሁለት ወረቀት ሳወዳድር ልጅቷ የምታወዳድረው እንኳ አልነበራትም።

ከሂርና አልፎ፣ ከምዕራብ ሐረርጌ ወሰን ወዲያ፣ ቁልቢ ገብርኤል አለ። እናቴ እዚያ ድረስ መሄድ ፈልጋ መሽቶብን ነው የተመለስነው። ታኅሣሥ 19 ከየአገሩ የሚጎርፈው ሕዝብ ከፊሉ ስለቱን ሊያስገባ ነው፤ የተሳለው ደርሶለት ጥላ፣ ሰንጋ፣ ወርቅ ይዞ ይመጣል። መንገድ ላይ ሳስበው ነገሩ ገረመኝ። ስለት የሚከፈለው ከደረሰ በኋላ ነው፤ ካልደረሰ ዕዳ የለም። አፎሻ በየጊዜው ለሁሉም ይዋጣል። አረቦን ግን ምንም ሳይሆን፣ የማያውቁት ሰው ቃሉን እንደሚጠብቅ ታምኖ አስቀድሞ ይሰጣል። ሰዋችን መድን ላይ እጁ የሚከብደው ገንዘብ ስለሌለው ብቻ አይመስለኝም። ዕድሜ ልኩን የለመደው ዋስ ፊት አለው፤ ደጁን ያውቀዋል፣ ካልመጣ ይወቅሰዋል። የወረቀቱ ዋስ ፊት የለውም። ያለው ስልክ ቁጥር ነው።

ስለዚህ ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት የሐጂን ጥያቄ ለወረቀቱ ማቅረብ ነበረብኝ።

*

ማታ አራት ሰዓት ሲሆን ሐጂም ባሉበት፣ ስልኩን ምንጣፉ ላይ አኖርኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ የአደጋ ጊዜ ቁጥሩን ደወልኩ። አንዴ ጠራ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች። ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ተናገረች።

«ምን አለች?»

«ምን ልርዳዎት ነው የምትለው።»

«በዚህ ሰዓት?»

«በዚህ ሰዓት።»

ገና ያልገዛን መሆናችንን፣ ተጓዧ አማርኛና ኦሮምኛ እንጂ ሌላ እንደማትናገር ነገርኳት። አማርኛ የሚናገር ሰው የላቸውም፤ ግን የልጇን ስልክ እንድናስመዘግብና መጀመሪያ ለእሷ እንዲደውሉ ማድረግ እንደምንችል ነገረችኝ። አመስግኜ ዘጋሁ። ሐጂ ዱላቸውን መሬቱ ላይ ቀስ ብለው መታ መታ አደረጉ።

«ወጣች» አሉ።

ጠዋት ባንክ ሄጄ ከፈልኩ። ከደብተር ገጽ ቆርጬ በትልልቁ ጻፍኩላት፦ ብታመሚ መጀመሪያ ለእኅቴ ደውዪ፤ ሆስፒታል ሳትገቢ ይህ ቁጥር ይደወል፤ የምትውጪው መድኃኒት ይኼ ነው፤ ደረሰኝ እንዳትጥዪ። ቁጥሩንና የመድኃኒቱን ስም በላቲን ፊደልም ደገምኩት። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ መቀነቷን ፈታችና ከብሯ ጎን ቋጠረችው።

«ይኼ እንግዲህ የፈረንጁ ነው፤ ቀድሞ ተከፈለ» አለች፣ ቋጠሮውን እያጠበቀች። «የገብርኤልን ስመለስ እሰጠዋለሁ።»